ሕግ በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት

ፍርድ ቤት ደጅ ጠንታችሁ የምታውቁ ከሆነ “መዝገቡ ለሦስት ወር ተቀጥሯል” መባልን ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔም በአንድ የውርስ ጉዳይ ተራዬን ስጠብቅ ባለጉዳዩ ሁሉ “ዳኛ ይጨመር” ሲል ሰምቻለሁ። ችግሩ ግን ሁልጊዜ የዳኛ እጥረት ነው?

መልሱን አስቀድሞ ለመገመት የሚረዳ ዘዴ አለ፤ ሲሙሌሽን ይባላል። የፍርድ ቤትን አሠራር በኮምፒውተር አስመስሎ ማስኬድ ማለት ነው። በወር ስንት መዝገብ እንደሚከፈት፣ በየክፍሉ ስንት ቀን እንደሚቆይና ስንት ሠራተኛ እንዳለ ይገባለታል። ኮምፒውተሩም የዓመታቱን ሥራ በደቂቃዎች ያሳያል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ያቋቋሙት የፍትሕ አስተዳደር ኮሚሽን በአልፍሬድ ብሉምስታይን የሚመራ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቡድን ነበረው። በ1967 በወጣው ሪፖርቱ የዋሽንግተን ዲሲ ከባድ የወንጀል መዝገቦች በሲሙሌሽን ተፈትሸው ነበር። ለመጓተቱ አንዱ ማነቆ የተገኘው ከችሎቱ በፊት፣ ተጠርጣሪው ይከሰስ አይከሰስ ብሎ በሚወስነው የዜጎች ጉባኤ (ግራንድ ጁሪ) ዘንድ ነበር። ሁለተኛ ጉባኤ ቢጨመር ጊዜው እንደሚያጥርም ሙከራው አመለከተ።

ስሌቱ ቀላል ነው። በወር 100 መዝገብ ተከፍቶ 95 ብቻ ቢዘጋ በዓመቱ 60 መዝገብ ይከማቻል። ዳኛ ተጨምሮ መጥሪያ አድራሹ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ክምችቱ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም።

ረቂቅ ሕግም እንዲሁ ሊፈተሽ ይችላል። የዋስትና መብትን የሚያጠብ አንቀጽ ቢወጣ ከዓመት በኋላ ስንት ሰው ፍርድ ሳያገኝ በእስር እንደሚቆይ ቀድሞ መገመት ይቻላል። የእንግሊዝና ዌልስ የፍትሕ ሚኒስቴርም የእስረኞችን ብዛት የሚተነብይ ሪፖርት ያወጣል።

ይሁንና ኮምፒውተር ዳኛ አይደለም። የተሳሳተ መረጃ ከሰጡት የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ሕግ ሲለወጥ ሰውም ጠባዩን እንደሚለውጥ ሊስት ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተከሳሹ በቅጡ ሳይደመጥ የተዘጋ መዝገብ ለማሽኑ ያው “የተዘጋ” መዝገብ ነው። ፍጥነትን ከፍትሕ ጋር ማመዛዘን የሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በእኔ እምነት የመጀመሪያው እርምጃ ውድ ማሽን መግዛት አይደለም። መዝገቡ መቼ ተከፈተ፣ ስንት ጊዜ ተቀጠረ፣ በምን ምክንያት የሚለውን በአግባቡ መዝግቦ መያዝ ነው። በኮምፒውተር ላይ የተሠራ ስህተት ይሰረዛል፤ በሰው ላይ የተሠራው ግን ዕድሜ ይበላል።