የሥራ ደንብና የፎርማኑ ብዕር

አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ጽፎ የሚደነግገው ማን ይሁን? አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዘዴውን አጥንቶ መወሰን የአስተዳደሩ፣ መፈጸም ደግሞ የሠራተኛው ድርሻ እንዲሆን አሳሰበ።

ጃፓናዊው ታይቺ ኦኖ ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በቶዮዳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሳለ የሥራ ደንብ እንዲያዘጋጅ በታዘዘ ጊዜ፣ ያዘጋጀው ከገበያ በገዛው መጽሐፍ እየተረዳ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በቶዮታ ሞተር ሲሠራ፣ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ዘምተው ማሽኖቹ በጀማሪዎች እጅ ወደቁ፤ ስለሆነም የተጻፈ ደንብ ይበልጥ አስፈለገ። ኦኖም ትክክለኛ ደንብ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ እንደማይጻፍ፣ በሥራው ቦታ ደጋግሞ እየተሞከረ እንደሚታረም አስተማረ።

ሠንጠረዡ የያዘው 3 ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አንድ ዕቃ ተሠርቶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ የሥራው ቅደም ተከተል፣ ሥራው እንዳይቋረጥ በጅምር ሊገኝ የሚገባው የዕቃ መጠን ነው። የፎርማኑ የዕለት ተግባርም ከዚሁ ይመነጫል። ሠንጠረዡን በሥራው ቦታ ሰቅሎ ሥራውን ከጽሑፉ ጋር ያስተያያል፤ ልዩነት ሲያይ ሠራተኛውን ከመውቀሱ በፊት ምክንያቱን ይመረምራል፤ የተሻለ ዘዴ ሲገኝም ጽሑፉን ያድሳል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት በኢትዮጵያ ተቋቁሞ ይህን የመሰለውን አሠራር ለሀገሪቱ ፋብሪካዎች ማስተማር ጀመረ። ቅጹን መቅዳት አያዳግትም። ፎርማኑ ሊያርመው ካልተፈቀደለት ግን ደንቡ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።