ተከታታይ ቶርኔዶ ሲመታ፦ ራስን ማትረፍ፣ የዘመድንም ድምፅ መስማት

በአሜሪካ መካከለኛና ደቡባዊ ግዛቶች ቶርኔዶ መድረሱ በዜና በተሰማ ቁጥር፣ አዲስ አበባ፣ አስመራ ወይም ናይሮቢ ያለ ቤተሰብ ስልክ ያነሳል። ይደውላል፤ መልስ የለም። ደግሞ ይደውላል፤ መስመሩ አይሠራም። ብዙውን ጊዜ ለዚህ ዝምታ ምክንያቱ የስልክ ማማ መውደቅ፣ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ወይም የመስመር መጨናነቅ ነው። ለሚጠብቀው ቤተሰብ ግን እያንዳንዷ ሰዓት ዓመት ትሆናለች።

ለመሆኑ ተከታታይ ቶርኔዶ ምንድን ነው? አደጋው ሲመጣ የት መሸሸግ ይገባል? በሩቅ ያለ ቤተሰብስ የወዳጁን ደኅንነት እንዴት ሊያረጋግጥ ይችላል?

ቶርኔዶ እንዴት ይፈጠራል?

ቶርኔዶ ከነጎድጓዳማ ደመና ሥር ወርዶ መሬት የሚነካ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር የነፋስ ዓምድ ነው። በባሕር ላይ ተወልዶ ለቀናት ከሚጓዘው ሃሪኬን የሚለየው ስፋቱ ጠባብ፣ ዕድሜውም አጭር በመሆኑ ነው። አብዛኛው ቶርኔዶ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል።

ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሳው ሞቃትና እርጥብ አየር ከምዕራብ ከሚመጣው ደረቅ አየርና ከሰሜን ከሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ጋር ይገናኛል። በዚህ ላይ የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት ከመሬት ወደ ላይ እየተለዋወጠ ከሄደ፣ ደመናው መሽከርከር ይጀምራል። አንድ ሰፊ የአየር ሥርዓት በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በርካታ ቶርኔዶዎችን ሲያስከትል ባለሙያዎች ሁሉንም እንደ አንድ ክስተት ይመለከቷቸዋል።

በአሜሪካ በዓመት በአማካይ 1,200 ገደማ ቶርኔዶዎች ይመዘገባሉ። ኃይላቸው ባደረሱት ጉዳት መጠን ከ0 እስከ 5 ባለ መለኪያ ይገመታል። ከ2007 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህ መለኪያ በጃፓን ተወላጁ ሳይንቲስት በቴትሱያ ፉጂታ ስም ይጠራል። በከፍተኛው ደረጃ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሆነ ይገመታል።

ኤፕሪል 2011፦ አራቱ ቀናት

እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 25 እስከ 28 ቀን 2011 በአሜሪካ ከ350 በላይ ቶርኔዶዎች ተከሰቱ። ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። እጅግ የከፋው ቀን ኤፕሪል 27 (በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሚያዝያ 19 ቀን 2003) ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ የተጎዳችው አላባማ ነበረች።

በዚያ ዕለት ማዕበሉ አላባማን የመታው በተደጋጋሚ ነው። ገና በማለዳ የመጣው የመጀመሪያው ማዕበል የኤሌክትሪክ መስመሮችን በጣጠሰ፤ በብዙ ቤቶች ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ተቋረጡ። ከሰዓት በኋላ ከሁሉ የከፋው ሲመጣ ማስጠንቀቂያውን የሚሰሙበት መንገድ ያልነበራቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። ወደ አመሻሹ ላይ ተስካሉሳ ከተማን አቋርጦ እስከ በርሚንግሃም የዘለቀው ቶርኔዶ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ 64 ሰዎችን ገደለ። የተስካሉሳ አካባቢ የአደጋ ጊዜ አስተባባሪ መሥሪያ ቤት ራሱ ፈረሰ። በሰሜናዊ አላባማ ሃክልበርግንና ፊል ካምቤልን የመታው ሌላ ቶርኔዶ ደግሞ ከ70 በላይ ሰዎችን ቀጠፈ።

ነፋሱ ከየቤቱ የነጠቃቸው የቤተሰብ ፎቶግራፎችና ሰነዶች በሩቅ ከተሞች ወደቁ። ያገኟቸው ሰዎች በፌስቡክ ገጽ ላይ እየለጠፉ ባለቤቶቹን አፈላለጉ። ይህን የተከታተሉ ተመራማሪዎች አንድ ፎቶግራፍ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዙን አረጋግጠዋል።

ማስጠንቀቂያውን መለየት

የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ሁለት ዓይነት መልዕክት ያወጣል። “ቶርኔዶ ዋች” ሲባል የአየሩ ሁኔታ ቶርኔዶ ሊያስከትል ስለሚችል ነቅታችሁ ጠብቁ ማለት ነው። “ቶርኔዶ ዋርኒንግ” ሲባል ግን ቶርኔዶ በዓይን ወይም በራዳር ታይቷልና አሁኑኑ ተሸሸጉ ማለት ነው። ሁለተኛው መልዕክት ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው።

ሁለቱን ቃላት እንግሊዝኛ ለማይናገሩ አዛውንቶችና ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጡ ዘመዶች አስቀድሞ ማስረዳት ሕይወት ያድናል። መልዕክቶቹ ብዙ ጊዜ ቦታን የሚጠሩት በካውንቲ ስም ስለሆነ፣ የሚኖሩበትን ካውንቲ ማወቅም ያስፈልጋል።

የት መሸሸግ ይገባል?

ከሁሉ የተሻለው ምድር ቤት ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መጠለያ ነው። እነዚህ ከሌሉ በሕንጻው ዝቅተኛ ወለል ላይ ወደሚገኝ፣ መስኮት ወደሌለውና ከውጭው ግድግዳ ወደራቀ ክፍል መግባት ይገባል፤ መታጠቢያ ቤት፣ ኮሪደር ወይም ቁም ሳጥን ሊሆን ይችላል። ራስንና አንገትን በፍራሽ፣ በብርድ ልብስ ወይም በክንድ መሸፈን፣ ጫማም ማድረግ ተገቢ ነው፤ ከአደጋው በኋላ ምድሩ መስታወትና ምስማር ነው።

መስኮት መክፈት ቤቱን አያድነውም፤ ጊዜ ብቻ ያባክናል። ተጎትተው በሚተከሉ ተንቀሳቃሽ ቤቶች ውስጥ መቆየት እጅግ አደገኛ ስለሆነ፣ ማስጠንቀቂያው ሳይደርስ ወደ ጠንካራ ሕንጻ መሄድ ያሻል። አሽከርካሪዎች በድልድይ ሥር መጠለል የለባቸውም፤ በጠባቡ ክፍተት ነፋሱ ሊበረታ፣ ስብርባሪውም እንደ ጥይት ሊወረወር ይችላል። በአቅራቢያ ወዳለ ጠንካራ ሕንጻ መግባት ይመረጣል።

ሌሊት የሚመጣ አደጋ

ማርች 3 ቀን 2020 በቴነሲ ናሽቪልን የመታው ቶርኔዶ የደረሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ያው ማዕበል ወደ ምሥራቅ ተጉዞ በኩክቪል አካባቢ ሌላ ቶርኔዶ አስከተለና በዚያ ብቻ 19 ሰዎች ሞቱ። በግዛቲቱ የሟቾች ቁጥር 25 ደረሰ። ብዙዎቹ አደጋው የደረሰባቸው ተኝተው ሳለ ነው።

ናሽቪል ኢትዮጵያውያንን፣ ኤርትራውያንንና ሶማሊያውያንን ጨምሮ በርካታ ስደተኞች የሚኖሩባት ከተማ ናት። በዚያች ሰዓት ኢትዮጵያ ውስጥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነበር። ይህ ማለት በአገር ቤት ያለ ዘመድ ወሬውን ከእንቅልፉ ካልነቃው ባለጉዳይ ቀድሞ ሊሰማና ስልክ ደውሎ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

በዲሴምበር 2021 ደግሞ በኬንታኪ ሜይፊልድ በምሽት ፈረቃ ላይ የነበሩ የሻማ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ በዚያው ምሽት በኢሊኖይ ኤድዋርድስቪል 6 የመጋዘን ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የሌሊት ሥራ የሚሠራ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ መሸሸጊያው የት እንደሆነ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል። በቤትም ስልክን ድምፅ አጥፍቶ አለመተኛት ይመከራል።

በሩቅ ያለ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው እርምጃ አደጋው የት እንደደረሰ ማጣራት ነው። የቴክሳስ የቆዳ ስፋት ከኢትዮጵያ ግማሽ ይበልጣል፤ አንድ ቶርኔዶ የሚጠርገው መሬት ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትሮች አይሰፋም። አንዱ ቤት ሲፈርስ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ “ቴክሳስ ነው ያለው” ከማለት ይልቅ የዘመድን ከተማ፣ ካውንቲና አድራሻ በወረቀት ጽፎ መያዝ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

ሁለተኛው፣ ከመደወል ይልቅ አጭር የጽሑፍ መልዕክት መላክ ነው። ድምፅ የማያሳልፍ የተጨናነቀ መስመር ጽሑፍ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ኔትወርኩ ሲመለስም መልዕክቱ ይደርሳል። አሥር ዘመድ በየደቂቃው ሲደውል ግን የተጎጂው ባትሪ ያልቃል። ለዚህም ከአደጋው ቀጣና ውጭ፣ ለምሳሌ በሌላ ግዛት፣ የሚኖር አንድ ሰው አስቀድሞ መምረጥ ይጠቅማል። ከአደጋው የተረፈው ለእርሱ ብቻ ያሳውቃል፤ እርሱ ለቀሩት ያዳርሳል።

በእኛ ዘንድ ግን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። መርዶ በስልክ በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰባስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ ነው የሚረዳው። ይህን የምታውቅ እናት “ደህና ነው፣ ስልኩ ተበላሽቶ ነው” ሲሏት እውነቱን የደበቋት ይመስላታል። የሚያሳርፋት የልጇ የራሱ ድምፅ ወይም የራሱ ቃል ነው። ስለዚህ ከአደጋው የተረፈ ሰው፣ መስመር እንዳገኘ፣ በራሱ ድምፅ የተቀዳ አጭር መልዕክት በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ቢልክ ከብዙ አማላጅ ቃል ይበልጣል። መልዕክቱም ሦስት ነገር ቢይዝ ይበቃል፦ ደህና መሆኑን፣ ያለበትን ቦታና መቼ ደግሞ እንደሚገናኝ። ሰዓት ሲጠቀስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በአሜሪካ መግለጽ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ “12 ሰዓት” የሚባለው እኩለ ሌሊት በእኛ 6 ሰዓት ነውና።

ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠ በከተማው ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበራት፣ ዕድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ቤት ለቤት ሄደው ሊያጣሩ ይችላሉ። ቀይ መስቀልና የአካባቢው ባለሥልጣናትም ተጠያቂ ናቸው።

በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን የሚዘዋወሩ የሟቾች ስም ዝርዝሮችና ምስሎችን ግን በጥንቃቄ ማየት ያሻል። ከዓመታት በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ የዛሬ ተብሎ ሊሠራጭ ይችላል። የሟችን ስም ቤተሰቡ ሳይረዳ መለጠፍም፣ አንዲት እናት የልጇን ሞት ብቻዋን ሆና ከስልኳ ላይ እንድታነብ ማድረግ ነው።

ማዕበሉ ካለፈ በኋላ

ተከታታይ ቶርኔዶ አንዴ ስላለፈ አበቃ ማለት አይደለም። እንደ አላባማው ሁሉ፣ ከሰዓታት በኋላ ሌላ ሊከተል ይችላል። ማስጠንቀቂያው እስኪነሳ ከመሸሸጊያ አለመውጣት፣ ከወደቁ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች መራቅ፣ ጋዝ ከሸተተም ቤቱን ለቆ መውጣት ይገባል። ጀነሬተር የሚጠቀሙ በቤት ውስጥ ማስነሳት የለባቸውም፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ይዟል። ስልክም ከፎቶግራፍ በፊት ለአንድ መልዕክት ቢውል መልካም ነው፤ በሌላው የዓለም ጫፍ ያንን መልዕክት የሚጠብቅ ሰው አለ።