ወንበር ጠባቂው አቡን

«ተረት ተረት» ብዬ ልጀምር ከጀልኩና ተውኩት። «የላም በረት» ካላችሁኝ በኋላ አንበሳና ጦጣ መጠበቃችሁ አይቀርም። የኔ ታሪክ ውስጥ ያለው አንድ ነብር ብቻ ነው፤ እሱም ቆዳው ተገፎ፣ ቆብ ሆኖ፣ በአንድ ሰው ራስ ላይ የተደፋ። ባለ ነብር ቆቡን ታውቁታላችሁ፤ የዛየሩ ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ ነው። የዛሬው ባለታሪኬ ግን ሞቡቱ አይደለም፤ ከፊት ለፊቱ መስቀል አንጠልጥለው የተቀመጡት ሰው ናቸው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እቆጥርላችኋለሁ፤ የአገሩ ቀመር እንደዚያ ነውና።

ኮንጎ ውስጥ ማይ ንዶምቤ የሚሉት ሐይቅ አለ፤ «ጥቁር ውሃ» ማለታቸው ነው። በዚያ አገር፣ ሞንጎቤሌ በምትባል መንደር፣ ኦክቶበር 7 ቀን 1939 አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ወገኑ ባሳካታ፣ ቤቱም የባላባት ቤት ነው። ሞንሴንግዎ የሚለው ስሙ ራሱ የባላባት ሥጋ መሆኑን ይናገራል። የክርስትና ስሙን ሎረን አሉት። ልጁ የዘመዶቹን የባላባትነት በትር ትቶ የክህነት ትምህርት ቤት ገባ። ጎበዝ ነበርና ሮም ላኩት። እዚያው ዲሴምበር 21 ቀን 1963 ቅስና ተቀበለ።

እስካሁን ልጅ ስለነበር «እሱ» እያልኩ አወጋኋችሁ። ከእንግዲህ ካህን ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ። ይቺን የአንቱታ ነገር ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

አባ ሎረን ሮም ከሚገኘው ጳጳሳዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ተቋም የዶክትሬት ማዕረግ ሲቀበሉ፣ ከዚያ ቤት ይህን ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኑ። ሙያቸው ቃልን ከሥሩ መመርመር ነበር፤ በእኛ አገር አነጋገር የትርጓሜ መምህር ልትሏቸው ትችላላችሁ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ቃል ሁሉ የአንድ ሰው ሆኖ ቆያቸው።

ሞቡቱ በኖቬምበር 1965 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዟል። አገሩን ዛየር አለው። ወንዙንም ዛየር አለው። ገንዘቡንም ዛየር አለው። ፓርቲው አንድ ብቻ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ገና ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣ የፓርቲው አባል። በ1972 ደግሞ «የክርስትና ስም የቅኝ ገዢ ስም ነው፣ ይጣል» የሚል ትእዛዝ ወጣ። እንደ ሎረን ያለው ስም ሁሉ ከመዝገብ ሊፋቅ ነው። የኪንሻሳው ሊቀ ጳጳሳት ካርዲናል ማሉላ ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውም ለወራት ሮም ላይ በስደት አስቀመጣቸው። ወጣቱ ካህን ይህን አይተዋል። ሞቡቱን ፊት ለፊት የገጠመ ምን እንደሚደርስበት፣ ዝም ያለም ምን እንደሚያጣ ያኔ ሳይማሩ አልቀሩም።

በሜይ 1980 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ኪንሻሳ መጥተው በገዛ እጃቸው ጵጵስና ሾሟቸው። በ1988 የኪሳንጋኒ ሊቀ ጳጳሳት ሆኑ። ኪሳንጋኒ ስላችሁ የሩቅ አገር አይምሰላችሁ። የኛ የኮንጎ ዘማቾች «ስታንሊቪል» የሚሏት ከተማ ናት፤ በ1960 ከተባበሩት መንግሥታት ሠራዊት ጋር የዘመቱት ኢትዮጵያውያን የሰፈሩባት። አቡኑም ለሃያ ዓመት ያህል መንበራቸው እዚያ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በ1990 መጀመሪያ የምሥራቅ አውሮፓ መንግሥታት ሲፈርሱ ሞቡቱ ብልህ ነኝ አለና «ሕዝቡ የልቡን ይናገር፣ ጽፎ ያምጣ» ብሎ አወጀ። ሕዝቡም ጻፈ። ጳጳሳቱም ጻፉ። የጉባኤያቸው ሰብሳቢ አቡነ ሞንሴንግዎ ነበሩ። ደብዳቤው ሥርዓቱን ከሥሩ የሚተች፣ ጥፋቱን አንድ በአንድ የሚቆጥር ነበር። ኤፕሪል 24 ሞቡቱ ኪንሻሳ አጠገብ ንሴሌ ላይ ቆሞ የአንድ ፓርቲ ዘመን ማብቃቱን ሲናገር እንባው መጣ። ያለቀሰው ለሕዝቡ ይሁን ለወንበሩ፣ ዛሬም የሚያከራክር ነው።

ከዚያ «ብሔራዊ ጉባኤ ይጠራ» ተባለ። ይሄ የዘመኑ ወረርሽኝ ነበር። ቤኒን ላይ ጉባኤውን የመሩት አቡነ ኢዚዶር ደ ሱዛ ናቸው። ጋቦንም፣ ቶጎም፣ ወንዝ ማዶ ኮንጎ ብራዛቪልም ሰብሳቢው ጳጳስ ነበር። «ቄስ ከፖለቲካ ምን አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያናቸውም የምትለው ይህንኑ ነው፤ የ1983ቱ የካቶሊክ ሕገ ቀኖና ካህን የመንግሥት ሥልጣን ያለበትን ሹመት እንዳይዝ ይከለክላል። ግን አስቡት፦ ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ፓርቲ ፍርድ ቤቱን፣ የሠራተኛ ማኅበሩን፣ ጋዜጣውን ሁሉ በልቶ ጨርሷል። ትምህርት ቤት ያላት፣ ሆስፒታል ያላት፣ ከቤተ መንግሥት ውጭ የቆመች ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናት። ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ ሽማግሌው ከየት ይመጣል? ሁለቱም ከሚፈሩት ቤት ነው።

የዛየር ጉባኤ ኦገስት 7 ቀን 1991 ኪንሻሳ በሚገኘው የሕዝብ ቤተ መንግሥት ተከፈተ። 2,800 ያህል ተወካይ ተሰበሰበ፤ ግን ገና ከመጀመሪያው ማን ይቀመጥ፣ ማን ይናገር በሚል ጭቅጭቅ ታነቀ። በሴፕቴምበር ደመወዝ ያጡ ወታደሮች ኪንሻሳን ዘረፉ፤ ሱቅ ባዶ፣ መጋዘን ባዶ፣ የበር እጀታ ሳይቀር ተነቀለ። እንግዲህ በዚህ መሀል ነው፣ ዲሴምበር 12 ቀን፣ ተወካዮቹ አቡነ ሞንሴንግዎን ሰብሳቢ አድርገው የመረጧቸው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ፈተናው መጣ። ጃንዋሪ 19 ቀን 1992 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንጉዝ ካርል ኢ ቦንድ ጉባኤውን ዘጋሁ አለ። በሩ ተዘጋ። ጳጳሱ ሰብሳቢ ናቸው፣ የሚሰበስቡት የለም።

ያኔ የተነሡት ምእመናኑ ናቸው። ፌብሩዋሪ 16፣ እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ወደ ቤት አልሄዱም። አንዱ ሻማ ይዟል፣ አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሌላው ለምለም ቅጠል። መዝሙር እየዘመሩ «ጉባኤው ይከፈት» አሉ። ወታደሩ ተኮሰ። በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች አስፋልት ላይ ቀሩ። ኪንሻሳ ያችን እሑድ ዛሬም «የክርስቲያኖች ሰልፍ» እያለች ታነሣታለች። ኤፕሪል 6 ቀን ጉባኤው ተከፈተ፤ ወዲያው «ሉዓላዊ ነን፣ ውሳኔያችን ሁሉንም ይገዛል» ብሎ አወጀ። ልብ በሉ፤ አቡኑ የተመለሱበትን ወንበር የከፈለላቸው የእነዚያ ምእመናን ደም ነው። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው፤ እናንተም መዝኑ።

ሥራው በ23 ኮሚሲዮን ተከፋፈለ። ጉባኤው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሕዝቡ የቤቱን ጉድ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ሰማ። ኦገስት 15 ቀን ደግሞ ለዓመታት ሲታሰሩ ሲፈቱ የኖሩት ተቃዋሚ ኤትየን ቺሴኬዲ በጉባኤው ድምፅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አገሩም «ዛየር» መባሉ ቀርቶ ወደ ቀድሞ ስሙ ወደ ኮንጎ እንዲመለስ ተወሰነ። ሞቡቱ እንቢ አለ።

አሁን የአቡኑን ድክመት እንነጋገር፤ ጻድቅ አድርጌ ላቀርባቸው አልተነሣሁም። ከ23ቱ ኮሚሲዮኖች ሁለቱ እሳት ናቸው፦ አንደኛው ማን ማንን አስገደለ የሚለውን፣ ሌላው ማን የሕዝብን ሀብት ዘረፈ የሚለውን የመረመሩት። ሪፖርታቸው ተጻፈ፤ ግን በጉባኤው ፊት ሳይነበብ ዲሴምበር 6 ቀን 1992 ጉባኤው ተዘጋ። የአቡኑ ደጋፊዎች «ቢነበብ ኖሮ ወታደሩ አዳራሹን ባነደደው፤ ቀስ በቀስ ነው እንቁላል በእግሩ የሚሄደው» አሉ። ነቃፊዎቻቸው ደግሞ «እንቁላሉ እስኪሄድ ሌባው ሸሸ» አሉ። እኔ የፌብሩዋሪዋን እሑድ ሟቾች ሳስብ ከነቃፊዎቹ ጋር እቆማለሁ፤ የታጠቀውን ወታደር ሳስብ ደግሞ እግሬ ይዝላል።

እሳቱ ግን ባይጭሩትም መጣ። ሞቡቱ ባለ አምስት ሚሊዮን ዛየር ኖት አሳተመ። ቺሴኬዲ «ዋጋ የለውም» አሉ። ወታደሩ ደመወዙን በዚያ ተቀብሎ ገበያ ሲወጣ ነጋዴው «አልፈልግም» አለው። በጃንዋሪ 1993 መልሶ ዘረፋ፣ መልሶ ተኩስ ሆነ፤ የፈረንሳይ አምባሳደር ሳይቀሩ ተገደሉ። በፌብሩዋሪ ደግሞ ወታደሮች የሕዝብ ቤተ መንግሥቱን ከበው፣ ጉባኤውን የተካውን የሪፐብሊኩን ከፍተኛ ምክር ቤት አባላት በመቶዎች አገቱ። «ኖቱን ካልተቀበላችሁ አትወጡም!» እስቲ አስቡት፦ የገንዘብ ዋጋ በጠመንጃ ሲተመን።

የዚያ ምክር ቤት ሰብሳቢም አቡኑ ናቸው። ሞቡቱ ቺሴኬዲን ሻረ፣ ቺሴኬዲ አልተሻርኩም አሉ። አንድ አገር፣ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሁለት ምክር ቤት። ዝሆኖቹ ሲጣሉ ሣሩ አለቀ። በ1994 ሁለቱ ምክር ቤቶች ተዋሕደው የሽግግር ፓርላማ ሲሆኑ አሁንም ሰብሳቢው እሳቸው ሆኑ፤ በቺሴኬዲ ፈንታም ኬንጎ ዋ ዶንዶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተመረጡ። የቺሴኬዲ ሰዎች «ከዱን» አሏቸው። የሞቡቱ ሰዎችም ከመጀመሪያው አላመኗቸውም። ሽማግሌ ሁለቱም ወገን ሲቆጣው ሥራውን ሠራ ይባላል፤ ወይም ጨርሶ አልሠራም። አቡኑም ከወንበሩ ወርደው ወደ ኪሳንጋኒ መንበራቸው ተመለሱ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ታሪኩ ጫፍ ላይ ደርሷል።

1997። ከምሥራቅ የተነሣው የሎረን ዴዚሬ ካቢላ ጦር አገሩን እየጠቀለለ ወደ ኪንሻሳ ይገሠግሣል። ሞቡቱ በካንሰር ታሟል። ማንዴላ ሁለቱን በመርከብ ላይ አገናኝተው ሊያስማሙ ሞከሩ፤ አልሆነም። ያኔ፣ በሜይ ወር፣ የኪንሻሳው ፓርላማ አንድ ዘዴ ፈለገ። በሕጉ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ቢወርድ የሚተካው የፓርላማው ሰብሳቢ ነው። ስለዚህ አቡነ ሞንሴንግዎን እንደገና ሰብሳቢ አድርገው መረጧቸው።

ይገባችኋል? የሞቡቱ ወንበር ለአንድ አቡን ክፍት ሆነ። ሁለት ሎረኖች፣ አንደኛው ጠመንጃ የያዘ፣ አንደኛው መስቀል የያዘ፣ አንድ ወንበር መሀላቸው። ካቢላ «አልቀበልም» አለ። አቡኑም ሮጠው መጥተው አልተቀመጡበትም። ሜይ 16 ሞቡቱ ኪንሻሳን ለቆ ሄደ፤ በማግስቱ የካቢላ ጦር ገባ። ጠመንጃ የያዘው ሎረን ወንበሩ ላይ ተቀመጠና የአገሩን ስም ኮንጎ አለው። ጉባኤው ከአምስት ዓመት በፊት በድምፅ የወሰነውን ስም! ሞቡቱ በሴፕቴምበር ራባት ላይ በስደት ሞተ።

ባለ መስቀሉ ሎረን መንበራቸው ላይ ቀሩ። በጁን 2000 የሩዋንዳና የዩጋንዳ ሠራዊቶች እዚያው ኪሳንጋኒ ውስጥ ለስድስት ቀን ሲታኮሱ፣ ከተማዋን በመድፍ ሲያርሷት የሕዝቧ እረኛ እሳቸው ነበሩ። በ2007 የኪንሻሳ ሊቀ ጳጳሳት፣ በ2010 ካርዲናል ሆኑ። ሹመት የላቸውም፣ ፓርላማ አይመሩም፤ ድምፃቸው ግን ያኔ ነው የከበደው። በ2011 የምርጫው ውጤት ለሎረን ካቢላ ልጅ ለጆሴፍ ካቢላ ሲታወጅ፣ ከእውነትም ከፍትሕም የራቀ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። በ2017 መጨረሻ፣ የሥልጣን ዘመኑ ካለፈ በኋላ ያልወረደውን ካቢላን ምእመናን ዳግመኛ በሰልፍ ሲጠይቁ፣ ዳግመኛ ሲተኮስባቸው፣ አዛውንቱ ካርዲናል «መናኛዎቹ ገለል ይበሉ» አሉ። ሰብሳቢ ሳሉ የለሰለሰው አፍ ያኔ ሰላ። በ1992 አስፋልት ላይ የቀሩት ይህን ቃል ሃያ አምስት ዓመት የጠበቁት ይመስለኛል።

በ2018 መገባደጃ መንበራቸውን ለተተኪያቸው ለአቡነ ፍሪዶላን አምቦንጎ አስረከቡ። ጁላይ 11 ቀን 2021 ፈረንሳይ ቬርሳይ ውስጥ በ81 ዓመታቸው ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም ኪንሻሳ በኖትር ዳም ካቴድራል ዐረፈ።

ተረት ቢሆን ኖሮ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብዬ እነሣ ነበር። ታሪክ ነውና ዳቦው ይቅር። ግን ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር አለ። አቡኑን ቅስና ከተቀበሉ ጀምሮ እስከ መቃብር አንቱ አልኳቸው፤ በነቀፍኳቸውም ጊዜ እንኳ አልዘለልኩም። ሞቡቱ ደግሞ በሥልጣን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከወንበር የወረደ፣ አገርና ወንዝ በፈቃዱ የሰየመ ሰው ነው። እሱን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እሱ» እያልኩ አወጋኋችሁ።

አንዳችሁም አላረማችሁኝም።