ስለ አሊዩ አምባ ገበያ

ከአንኮበር ከፍታ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ይፋት ቆላ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ አሊዩ አምባን ያገኛል። ዛሬ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ይኸውም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ፥ የሸዋ የንግድ በር እርሷ ነበረች። ከታጁራ ወደብ የተነሣ ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚያርፈው በዚያ ነበር። ዓርብ ዓርብ ገበያ ሲቆም አርጎባው፥ አማራው፥ አፋሩና የሐረር ነጋዴው ይገናኙ ነበር። ጨው፥ ቡና፥ ጥጥና ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ይሸጥና ይለወጥ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በዚያች ከተማ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል።

እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለሆንሁ እንዲህ ያሉ መንገደኞች የጻፉትን ማንበብ ገና በልጅነቴ ለመድሁ። መምህር ከሆንሁ በኋላም ይኸን ታሪክ በኩራት አስተምር ነበር። አንድ ቀን አንድ ልጅ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ ቅፍለቱ ወደ ባሕር ሲመለስ ምን ይዞ ይወርድ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«ቡናና የዝሆን ጥርስ» አልሁት።

«ሌላስ?» አለኝ።

በዚያው ደወል ተደወለ፤ እኔም በልቤ ደስ አለኝ።

ሌላው ሰው ነበር። በአሊዩ አምባ አጠገብ ባለው በአብዱል ረሱል ገበያ፥ ከሩቅ አገር ተይዘው የመጡ ወንዶች፥ ሴቶችና ሕፃናት ይሸጡ ነበር። ብዙዎቹም ያንኑ በረሃ በእግራቸው እየተነዱ ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ የሸጠውም፥ የገዛውም፥ ቀረጥ የተቀበለውም ተካፋይ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ዞረ። የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ተዛወረ፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ነጋዴው ሐዲዱን ተከተለ፤ አሊዩ አምባም የሩቁ ንግድ ቀረባት። ባርነትም በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በሕግ ተሻረ።

እኔ የከተማይቱን ማነስ እያዘንሁ አስተምር ነበር። ያ ልጅ ግን ከከተማይቱ ይልቅ የሚታዘንለት እንዳለ አስታወሰኝ። ከተማ ቢያንስ ነዋሪው እርሻውን አርሶ፥ ከጎረቤቱ ጋር ተዋዶ ይኖራል። ከእናቱ ተለይቶ የተነዳው ሕፃን ግን ስሙ እንኳ አልተጻፈለትም።

ወጣቶች ሆይ፥ አገርን መውደድ ጥፋቷን መሸሸግ አይደለም። የአባቶቻችሁን ገበያ ታሪክ ስትናገሩ ጨዉንና ቡናውን ቆጥራችሁ ሰውን አትዝለሉ። እኔ ለዚያ ልጅ ሳልመልስለት ቀርቻለሁ፤ እናንተ ግን ለሚጠይቃችሁ ሁሉ ሙሉውን መልሱ።