ከወልወል እስከ ስድስት ኪሎ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ፣ ወዴትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች በወረራው ዘመን ያቆሙት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከጨበጠ ወዲህ ያለፈውን አንዳንድ ዓመት እንዲቆጥር ታስቦ ተሠራ። ከነጻነት በኋላ በአናቱ ላይ የድንጋይ አንበሳ ተቀመጠበት።

በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፤ ያ ታላቅ ጦርነት የተጀመረው መቼ ነው? የአውሮፓ መጻሕፍት ሂትለር ፖላንድን የወረረበትን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1939ን ይጠቅሳሉ። ከጉለሌ ሆኖ ለሚቆጥር ግን ጦርነቱ በዚያን ዕለት አራተኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር።

ጥይቱ አስቀድሞ የተሰማው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ ወልወል በተባለው የውኃ ጉድጓድ ዘንድ ነው። ወልወል ሰበብ እንጂ ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያቱ የአድዋ ቂምና የቅኝ ግዛት ጥማት ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረችና አቤት አለች። ነገሩ በሸንጎ ሲንከባለል ክረምቱ አለፈ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የዴ ቦኖ ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ኢጣልያን ወራሪ ሲል ፈረደ፤ ማዕቀብም ጣለ። ዳሩ ግን ነዳጅ ዘይት ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ፤ የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች አልተዘጋም። የአውሮፓ እልቂት በር የተከፈተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሂትለር በራይንላንድ ጦሩን ያሰፈረው የእኛ ሰው በመርዝ ጢስ በሚቃጠልበት ወራት ነውና።

ማይጨው መጋቢት 22 ቀን ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን ባዶልዮ አዲስ አበባ ገባ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኔፕልስን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ በዚሁ ግቢ ለድኆች ምጽዋት ሊያድል ሕዝቡን ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምባቸውን ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። በግቢው የተሰበሰበው ሕዝብ ወዲያው በመትረየስ ታጨደ። የፋሺስት ፓርቲው ሹም ጊዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዞቹን በከተማው ላይ ለቀቃቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ፤ አካፋና ዶማ ሳይቀር የመግደያ መሣሪያ ሆነ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30,000 አድርጎታል፤ የቅርብ ጊዜ ጥናት ደግሞ ወደ 19,000 ያደርሰዋል። በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ።

ፍርሃት ያነግሥልኛል ያለው ፍጅት ወጣቱን ወደ ጫካ ሰደደለት። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሂትለር ጎን ተሰልፎ ጦርነት ባወጀ ጊዜ፣ እንግሊዞች ለአራት ዓመታት ያህል ብቻውን ሲዋጋ ከነበረው አርበኛ ጋር ወዳጅ ሆኑ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገቡ፤ ከረን ወደቀች፤ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ባዶልዮ በገባ በአምስተኛው ዓመት፣ ከእንጦጦ ወርደው ከተማቸውን ተረከቡ። ጎንደር እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆየች።

በሰነድ ደረጃ ነገሩ ያለቀው የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ ውል ነው። ኢጣልያ ነጻነታችንን አከበረች፤ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ልትከፍልም ፈረመች። ኢትዮጵያ በጦር ወንጀለኝነት የከሰሰቻቸው ግን ለፍርድ አልቀረቡም። ግራዚያኒ በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ እንጂ በየካቲት 12 አይደለም፤ እርሱንም ቢሆን በጥቂት ወራት ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሮም ወዲያ ባለችው አፊሌ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሠርተውለታል።