የማሪዮ የጉዲፈቻ ልጅ

በቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 2» የሚል ስም የተሰጣቸው ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች አሉ። አንደኛው በጃፓን በ1986፣ ሌላው በአሜሪካ በ1988 የወጣ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሥጋቸው አንድ አይደለም። የጃፓኑ የቀዳሚው ማሪዮ የአብራክ ክፋይ ነው፤ የአሜሪካው ግን በሌላ ቤት ተወልዶ፣ ሌላ ስም ይዞ ከቆየ በኋላ ወደ ማሪዮ ቤት የገባ የጉዲፈቻ ልጅ ነው። የሚያስደንቀው ታዲያ ከርስቱ የበዛውን የወረሰው ይኸው የጉዲፈቻ ልጅ መሆኑ ነው።

ሁለቱ የሚለኩበት የመጀመሪያው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በሴፕቴምበር 1985 ከኪዮቶው ኒንቴንዶ ኩባንያ የወጣ፣ ሺገሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ የነደፉት ሥራ ነው። ሲያዩት ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ሪዛም የቧንቧ ሠራተኛ ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጠ፣ ገደል እየዘለለና ጠላቶቹን ከላይ እየረገጠ የታገተችውን ልዕልት ፍለጋ ይሄዳል። በ1983 የአሜሪካ የቤት ውስጥ ጨዋታ ገበያ ተንኮታኩቶ ነበርና፣ ያን ገበያ ዳግም ካቆሙት ሥራዎች ግንባር ቀደሙ ይህ ሆነ። በጠቅላላው ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

ዋናው ብልሃቱ በአስተማሪነቱ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ መግቢያ ላይ አንድ ጠላት ብቻውን ቀስ እያለ ይመጣል፤ ያልዘለለ ይሞታል፣ የሞተም ወዲያው ከአጠገቡ ይጀምራል። ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሣጥን ይገኛል፤ ሲመታ እንጉዳይ ይወጣል፣ እንጉዳዩም ከቧንቧው ጋር ተጋጭቶ ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። የሸሸው እንኳ ሳይወድ በግዱ ነክቶት ሲያድግ ያያል። መመሪያ ያላነበበ ልጅ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሕግ ተማረ ማለት ነው፤ ጠላት ይረገጣል፣ እንጉዳይ ወዳጅ ነው።

የጃፓኑ ተከታይ በጁን 1986፣ ዘጠኝ ወር እንኳ ሳይሞላ በዲስክ ወጣ። ሥራውን በዋናነት የመሩት ቴዙካ ነበሩ። ሥዕሉም፣ ሕጉም፣ ዜማውም ከሞላ ጎደል የቀድሞው ነው፤ የጨመረው ችግሩ ነው። ከሁሉ በላይ የሚነሣው የመርዝ እንጉዳይ ነው፤ ከጤነኛው በቀላሉ አይለይም፣ የነካውን ግን ይጎዳል። ወደ ፊት አሻግረው የሚያደርሱት ስውር መንገዶች አንዳንዶቹ ተጫዋቹን ወደ ኋላ የሚመልሱ ሆኑ። ድንገት የሚነሣ ነፋስም ዝላዩን ያዛባል። ሽፋኑ ላይ ለላቁ ተጫዋቾች የተዘጋጀ መሆኑ ተጽፎ ነበርና ያልተነገረው ሰው አልነበረም።

ይህን ጨዋታ በጭካኔው ብቻ መፍረድ ግን አይገባም። ቀዳሚውን ደጋግመው ለጨረሱ ሰዎች የተሰናዳ ድግስ ነበር። ሉዊጂ የወንድሙ ግልባጭ መሆኑ ቀርቶ ከፍ ብሎ የሚዘል፣ ለማቆም ግን የሚያንሸራትተው ራሱን የቻለ ገጸ ባሕርይ የሆነው በዚህ ሥራ ነው። ስምንት ጊዜ ለጨረሰ ታጋሽ የሚከፈቱ ተጨማሪ ዓለማትም ነበሩት። በጃፓንም በደንብ ተሸጠ። ድክመቱ ከክብደቱ ይልቅ ከቃል ማፍረሱ ላይ ነው። ቀዳሚው «እንጉዳይ ወዳጅ ነው» ብሎ አስተማረ፤ ተከታዩ ያን ትምህርት ያመነውን ሰው ቀጣው። ተማሪው ባለመጠንቀቁ ቢወድቅ ራሱን ይወቅሳል፤ መምህሩ ስላታለለው ቢወድቅ ግን ደብተሩን ይጥላል።

በኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ጨዋታዎችን እየሞከሩ አስተያየት ይሰጡ የነበሩት ሃዋርድ ፊሊፕስም ሞክረውት ደስታ የሌለው ሥራ ሆኖ አገኙት። ገና ተመልሶ በቆመ ገበያ ላይ እንዲህ ያለውን ማስገባት ለኩባንያው አደጋ ነበር። በመሆኑም ለአሜሪካ ሌላ «ሁለተኛ ማሪዮ» መፈለግ ግድ ሆነ።

የተገኘው ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ማስታወቂያ ነው። ፉጂ ቴሌቪዥን በ1987 «ዩሜ ኮጆ» የተባለ ትልቅ ትርዒት አዘጋጅቶ ነበር፤ ትርጉሙ «የሕልም ፋብሪካ» ነው። ኒንቴንዶም የትርዒቱን አርማ ገጸ ባሕርያት ይዞ «ዩሜ ኮጆ፦ ዶኪ ዶኪ ፓኒክ» የሚል ጨዋታ በጁላይ 1987 አወጣ። ባለታሪኮቹ ዐረባዊ አለባበስ ያላቸው ቤተሰብ ናቸው፤ ኢማጂን የተባለ ወጣት፣ እናቱ፣ አባቱና ሊና የተባለች ልጃገረድ። ዳይሬክተሩ ኬንሱኬ ታናቤ ከዓመታት በኋላ እንደተናገሩት፣ የጨዋታው ጥንስስ ሁለት ተጫዋቾች ዕቃና እርስ በርሳቸውን እያነሡ፣ እየወረወሩና ብሎክ እየደረደሩ ወደ ላይ የሚወጡበት ሙከራ ነበር። ሙከራው ለጊዜው አልሳካ ቢልም ማንሣቱና መወርወሩ ተርፎ ወደ ዶኪ ዶኪ ፓኒክ ገባ።

ቀጥሎ የተደረገው ልብስ ማስለወጥ ነው። ኢማጂን ማሪዮ፣ እናትየዋ ሉዊጂ፣ አባትየው ቶድ፣ ሊናም ልዕልት ሆኑ። የሩጫ ቁልፍ ተጨመረ፣ አንዳንድ ሥዕሎችም ተለወጡ፤ የደረጃዎቹ አጥንት ግን ሳይነካ ቀረ። በኦክቶበር 1988 ለአሜሪካ ልጆች የቀረበው ይህ ነው። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለው ሁሉ፣ አዲሱ ማሪዮም ስለ አባቱ አልተነፈሰም፤ ገዢዎቹም አልጠየቁትም።

ጥንካሬው ከምርጫ ይጀምራል። ቶድ አጭር ዘላይ ቢሆንም ከባድ ነገር በፍጥነት ይነቅላል፤ ልዕልቲቱ ለማንሣት ዘገምተኛ ናት፣ ነገር ግን በአየር ላይ ጥቂት ትንሳፈፋለች፤ ሉዊጂ ከሁሉ ከፍ ብሎ ይዘላል፤ ማሪዮ በሁሉም መካከለኛ ነው። ይህም ሁለት ሰዎች አንዱን ደረጃ በሁለት መንገድ እንዲያልፉት አደረገ፤ ያልቻለ ታናሽ ወንድም ልዕልቲቱን ይመርጣል፣ የተካነውም ቶድን። ጠላት ላይ መቆም፣ አትክልት ከመሬት ነቅሎ መወርወር፣ ቁልፍ ይዞ ከሚያሳድድ ጭምብል መሸሽ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መውጣትና መውረድ፤ እነዚህ ሁሉ ለማሪዮ አዲስ ነበሩ። የሰዓት ገደብም ስለሌለ ተጫዋቹ ቆም ብሎ ዙሪያውን ይመረምራል።

ጉድለቱም የሚደበቅ አይደለም። በርዶ የተባለችው እንቁላል ተፊ ፍጡር ከደረጃ ደረጃ እየተመላለሰች መጨረሻውን ታሰለቻለች። የዲስኩ ጨዋታ ሂደቱን ይመዘግብ ነበር፤ የአሜሪካው ካሴት ግን ይህን ስላጣ ሃያውን ደረጃ በአንድ መቀመጫ መጨረስ ግድ ነበር። ቀዳሚው ሁለት ሰው እየተፈራረቀ እንዲጫወት ሲፈቅድ ይህ ለአንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ ጥንስሱ የሁለት ተጫዋቾች መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ያሳዝናል። ጠላትን መርገጥ ምንም አይጎዳውምና የቀድሞው ትምህርት እዚህም ዋጋ አጥቷል፤ ሆኖም መርዝ አልቀረበለትምና ተጫዋቹ እንደተታለለ አይቆጥረውም፣ እንደ አዲስ ይማራል እንጂ። ሁሉም ነገር የማሪዮ ሕልም ነበር የሚለው ፍጻሜ ደግሞ ለባዕዱ ዓለም ሰበብ ለመስጠት የተለጠፈ ይመስላል።

ከ7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ቢሸጥም፣ አትክልት መንቀሉን የቀጠለለት ዋና ተከታይ የለም። በዚያው በኦክቶበር 1988 በጃፓን የወጣው ሦስተኛው ማሪዮ ወደ መርገጡ ተመለሰ። ጃፓናውያን የአሜሪካውን ጨዋታ «ሱፐር ማሪዮ ዩኤስኤ» በሚል ስም ያገኙት በ1992 ነው። አሜሪካውያን ደግሞ የጃፓኑን በ1993፣ «ሱፐር ማሪዮ ኦል ስታርስ» በተባለው ስብስብ ውስጥ «የጠፉት ደረጃዎች» ተብሎ አዩት፤ በዚያ እትም የመርዙ እንጉዳይ የራስ ቅል ተሥሎበታል፣ ተጫዋቹም ደረጃውን እየመዘገበ ይቀጥላል።

የጉዲፈቻው ልጅ ውርስ በገጸ ባሕርያቱ ላይ ቀረ። በርዶ፣ ጭምብል ለባሹ ሻይ ጋይና በእግሩ የሚሄደው ቦምብ ዛሬም የማሪዮ ዓለም ነዋሪዎች ናቸው። በ2013 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ወርልድ» ተጫዋቾችን ከእነዚያው ከአራቱ ያስመርጣል፤ ሉዊጂ ከፍ ብሎ ይዘላል፣ ልዕልቲቱም ቀድሞ የሊና የነበረውን መንሳፈፍ በአየር ላይ ለአፍታ ትደግመዋለች።