ውሃው ከወሰኑ ማዶ ነው

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በውሃ ምክንያት ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ስም ሲያወጡላት፣ ቦታዋን ያስመረጠው የፍል ውሃ ምንጭ ነበር። መኳንንቱም በየጉብታው ሲሰፍሩ ሠፈርን ከሠፈር የለዩት ወንዞቹ ናቸው፤ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተይቀጡ። እነዚሁ ወንዞች የኋላ ኋላ የከተማዪቱ ቆሻሻ መውረጃ ሆኑ።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በቧንቧ ውሃ ስቦ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት አደረሰ። ሕዝቡ ግን ከምንጭና ከወንዝ መቅዳቱን ቀጠለ። በእኔ አስተያየት የከተማዪቱ የውሃ ታሪክ ጠባይ በዚያው ጊዜ ተወስኗል፤ ውሃ የሚታሰበው ሰው ከሰፈረ በኋላ ነው፤ የሚመጣውም ከሩቅ ነው። በ1930ዎቹ ገፈርሳ ተገደበ። ለገዳዲ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1970፣ ድሬ ደግሞ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፣ የድሬም ውሃ የሚጣራው በለገዳዲ ነው። ከለገዳዲ ግድብ ወዲህ የከተማዪቱ ሕዝብ ምን ያህል እንደ ጨመረ ቆጠራው ይናገራል፤ በ1976 ዓ.ም. 1.4 ሚሊዮን የነበረው በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ፈረቃ የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። (በየግቢው ከፍ ብሎ የተቀመጠው ሮቶ የዘመናችን ሐውልት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።)

ይህን ጉድለት የገንዘብና የባለሙያ እጥረት አድርገው የሚያስረዱ ብዙዎች ናቸው። ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ካርታውን ዘርግቶ የተመለከተ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ሦስቱም ከአዲስ አበባ ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ ምድር ላይ ናቸው። ከተማዪቱ ውሃዋን የምትቀዳው ከማታስተዳድረው ተፋሰስ ነው፤ በዚያ ተፋሰስ የሚኖረው ገበሬ ደግሞ በከተማዪቱ ምክር ቤት ድምፅ የለውም። ከተማዪቱም በበኩሏ በግድቦቹ ዙሪያ ደን እንዲተከል ወይም ግንባታ እንዲቆም ማዘዝ አትችልም።

የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ይህን አልዘነጉም። አንቀጽ 49 ንኡስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላትን ልዩ ጥቅም ሲጠቅስ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን በስም ያነሣል፤ ዝርዝሩም በሕግ እንደሚወሰን ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ ከጸና ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አለፉ። በ2009 ዓ.ም. ረቂቅ ሕግ በሚኒስትሮች ምክር ቤት በኩል ቀርቦ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ከተማዪቱንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች በአንድነት ያቅዳል የተባለው ማስተር ፕላንም በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞ ገጥሞት፣ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ተቃውሞው መሠረት ነበረው፤ ገበሬው በከተማ መስፋፋት ስም መሬቱን በትንሽ ካሣ ሲያጣ የኖረ ነውና። ይሁን እንጂ ከዕቅዱ ጋር አብሮ የተቀበረው፣ ተፋሰስን እንደ አንድ አካል የማየት ሐሳብ ነው። ያን ሐሳብ ከመሬት ነጠቃ ለይቶ የሚያነሣው ሰው እስካሁን እምብዛም አላየሁም።

ነገሩ ግን አይጠብቅም። በ2015 ዓ.ም. በዙሪያው ያሉት ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተመሠረተ። የገፈርሳ ጎረቤት ቡራዩ፣ የለገዳዲ ጎረቤት ለገጣፎ ዛሬ የዚያ ከተማ ክፍሎች ናቸው። እነርሱም ይጠማሉ፤ እነርሱም ቤት ይሠራሉ፤ ከሚሠሩት ቤት የሚወርደው ጎርፍም አፈርና ቆሻሻ ይዞ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል። ደለል ግድብን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም፤ ከቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎቻችን አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል፣ በደለል ተሞልቶ ለረጅም ዓመታት ሥራ ማቆሙ ምስክር ነው።

እንግዲህ ሕጉ አንድ ቀን ቢጻፍ፣ ከቢሮና ከቋንቋ ጉዳይ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፦ በለገዳዲ ዳገት ላይ የሚያርስ ገበሬ ማሳውን በእርከንና በዛፍ ጠብቆ አፈሩን ከግድቡ ቢያስቀር፣ ከእያንዳንዱ የአዲስ አበባ የውሃ ሂሳብ ለእርሱ የሚደርሰው ስንት ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው?